ቆራሌው የማይመጣበት አገር

ባለቤቴ የምትሠራው ሌሊት ነው። በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ደጃችን ላይ ትቆማለች። ሞተሩ ይጠፋል፤ በሩ ግን አይከፈትም። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሃያ ደቂቃ እዚያው ትቀመጣለች። እኔ ለልጆቹ ምሳ እየቋጠርኩ በኩሽና መስኮት አያትና "ከእህቷ ጋር ስልክ እያወራች ነው" እል ነበር። እንዲህ ያልኩት አንድ ቀን ሁለት ቀን እንዳይመስላችሁ፤ ለዓመታት ነው።

አንድ ጠዋት የ16 ዓመቷ ልጄ ቦርሳዋን እያነሳች በመስኮቱ አየቻትና "አባዬ፣ ስልክ እያወራች አይደለም እኮ" አለችኝ።

"ታዲያ ምን እየሠራች ነው?"

"ቤት መግባት ስለማትፈልግ ነው። እኔም ከትምህርት ቤት ስመጣ እንደዛ ይሰማኛል።"

ይህን ብላ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ሮጠች። እኔ ሳንድዊቹን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አልደብቃችሁም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ክፉ ሐሳብ ነው። ትዳሬ ሳላውቀው ፈርሷል ብዬ ደነገጥኩ። ማታ ሥራ ከመሄዷ በፊት ጨክኜ ጠየቅኳት። ሳቅ አለችና "እስቲ ዞር ብለህ እይ" አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ምግብ የበላንበትን ቀን አላስታውስም፤ ደብዳቤ፣ ቢል፣ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ፣ የልጁ የተሰበረ መኪና፣ በ2020 ለቴክ አዌይ ብዬ በካርቶን የገዛሁት ማሸጊያ ተቆልሎበታል። ከሶፋው ጀርባ ሦስት ካርቶን አለ። ምን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የለም። ኮሪደሩ ላይ በጎን ካልሆነ አይታለፍም። ጋራዡማ ጋራዥ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሬስቶራንቱን ከድሮው ቦታ ስናዛውር ያመጣኋቸው 22 ወንበሮች፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ክዳን የሌላቸው ድስቶች፣ ድስት የሌላቸው ክዳኖች።

"ሌሊቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ሳነሳ፣ የሰው አልጋ ሳነጥፍ ነው የማድረው" አለችኝ። "በሩን ስከፍት ደግሞ ሁለተኛ ሥራ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። መኪናው ውስጥ ግን የሚነሳ ነገር የለም።"

ቁጣ የለውም፣ ወቀሳም የለውም። እንደዚያ ከምትናገረኝ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት። እኔ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የጥናት ወረቀት ማንበብ እንደ ሜኑ አይቀለኝም። ልጄ ግን እየፈለገች አሳየችኝ። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2005 ድረስ 32 ቤተሰቦች ቤት እየገቡ ሰው በቤቱ ውስጥ ከዕቃው ጋር እንዴት እንደሚኖር አጥንተዋል። ፎቶ አንስተዋል፣ ቆጥረዋል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ በሁለት መኝታ ቤትና በአንድ ሳሎን ብቻ 2,260 ዕቃ ቆጠሩ። ያውም በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው፤ መሳቢያና ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን ሳይጨምር። ከአራት ጋራዥ ሦስቱ መኪና አይገባባቸውም ነበር። ጥናቱ በ2012 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ጋራዡን ሳነብ "ብቻዬን አይደለሁም" ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

መጽናናቱ ብዙ አልቆየም። ከእነዚሁ ቤተሰቦች ውስጥ ሁለቱም የሚሠሩ 30 ባልና ሚስት ካሜራ ይዘው የራሳቸውን ቤት እያስጎበኙ እንዲናገሩ ተደረገ። በሌላ በኩል ምራቃቸው በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓት እየተወሰደ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ተለካ። ይህ ሆርሞን ከጭንቀት ጋር የሚያያዝ ነው፤ ጤናማ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይልና ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ይወርዳል። በ2010 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ቤታቸውን "ተዝረክርኳል፣ ሥራው አላለቀም" እያሉ የገለጹት ሚስቶች ኮርቲሶላቸው እንደሚገባው አልወረደም፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድም ስሜታቸው እየከበደ ይሄድ ነበር። ባሎቹስ? ባሎቹ ላይ ያን ያህል አልታየም።

ይቺን ስታነብልኝ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ማለትም አላስፈለጋትም።

እርግጥ ጥናቱ ኮተቱ ብቻውን ጭንቀት ያመጣል አላለም። የተጨነቀ ሰውም ቤቱን ለማንሳት አቅም ያጣል፤ የትኛው እንደቀደመ ማወቅ ከባድ ነው። ግን ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ እኔ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ። በ2011 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ ዓይናችን ፊት ብዙ ነገር ሲኖር እያንዳንዱ ዕቃ የአእምሯችንን ትኩረት እንደሚሻማ ያሳያል። ይሄን ለመረዳት ዶክተር መሆን አያስፈልግም። አርብ ማታ ሬስቶራንት ውስጥ አሥር ሰው በአንዴ "ወንድም! ወንድም!" ሲላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት። የተዝረከረከ ክፍል እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን "እኔስ?" ይላችኋል።

ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ኮተት ከየት መጣ? አገር ቤት እኮ እንዲህ አልነበርንም።

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ በኋላም አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ጆንያ የተሸከመ ልጅ "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ ያልፋል። አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ሁሉን ይወስዳል፤ ያውም ገንዘብ ከፍሎ። "ልዋጭ!" እያለ የሚመጣም አለ፤ አሮጌ ልብስ ሰጥታችሁት የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ማንቆርቆሪያ ትቀበሉታላችሁ። ከዚያ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። ጣሳው ኩባያ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። ዓመት በዓል ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ተገልብጦ ይጸዳል። ጳጉሜ ላይ እናቴ ዕቃውን ሁሉ ደጅ ታወጣና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ተመልሶ ሲገባ ግማሹ አይገባም፤ ለጎረቤት፣ ለችግረኛ ይሄዳል።

እዚህ ቆራሌው አይመጣም። ዕቃው በመኪና በአንዴ ይገባል፣ ለመውጣት ግን እግር የለውም። ቆራሌው ባይመጣም የልጅነት ትምህርታችን አብሮን መጥቷል፤ የኒዶ ቆርቆሮ የማይጣልበት፣ የማርማላታ ጠርሙስ የበርበሬ ዕቃ የሚሆንበት፣ ፌስታል ፌስታል ውስጥ የሚታጨቅበት ቤት ነው ያደግነው። ያ ትምህርት ስህተት አልነበረም። ሁለት ጠርሙስ ላለው ሰው ትክክል ነው። ሁለት መቶ ጠርሙስ ላለው ሰው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ሌላም አለ። ብዙዎቻችን "ትንሽ ሠርቼ እገባለሁ" ብለን ነው የመጣነው። ሃያ አምስት ዓመት ትንሽ ሠራን። ሊገባ የተሰናዳ ሰው ዕቃውን አይፈታም። አንዳንድ ቤት ሄዳችሁ አይታችሁ እንደሆነ ቡፌው ውስጥ ያለው የሸክላ ሰሐን ከነዋጋ ወረቀቱ ነው፤ ሶፋው ከነፕላስቲኩ ነው። ለማን ነው የምናስቀምጠው? ለእንግዳ ይባላል። እንግዳው ሲመጣ በወረቀት ሰሐን ይበላል።

በጣም የገረመኝ የራሴ ነገር ነው። ሬስቶራንቴ ኩሽና ውስጥ ብትገቡ አንድ ማንኪያ ያለቦታው አታገኙም። የጤና ተቆጣጣሪው ሳይናገር ይመጣል። ዕቃ ከወለል ቢያንስ 6 ኢንች ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ መተላለፊያ መዘጋት የለበትም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ሁሉ ቀን ይጻፍበታል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ማክሰኞ የተሠራ ክትፎ ቅቤ ረቡዕ ከመጣው ፊት ይቀመጣል። ይሄን ለአሥራ አራት ዓመት ስሠራ ኖሬ ቤቴ ስገባ ረሳሁት። ለምን ቢሉ ቤቴ ተቆጣጣሪ የለውም። ወይም አለው፤ ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በመጀመሪያው ሰኞ (ሬስቶራንቱ ሰኞ ዝግ ነው) ተነሳሁ። እንደ ወንድ ልጅ በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። ባለቤቴ ተኝታለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። አሥራ አራት ትልልቅ ጥቁር ከረጢት ሞላሁ፤ ልብሱን በሙሉ ጭኜ ልገሳ የሚቀበል ሱቅ ወስጄ ጣልኩ። ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ማታ ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። "እዚህ ጋ የነበረችው ሰማያዊ ፌስታልስ?" አለች። እኔ እንደ አሮጌ ጨርቅ ያየኋት ፌስታል ውስጥ የነበረው፣ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ የባለቤቴ እናት ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት የሕፃን ጋቢ ነው። በማግስቱ በር ሳይከፈት ሱቁ ደጃፍ ተገኘሁ። ሰዎቹ አብረውኝ ፈለጉ፤ አልተገኘም። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን "ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም የራሱን" የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉ ዛሬም ይሠራል።

ስለዚህ ከእኔ ጥፋት ተማሩ፦ የሌላ ሰው ዕቃ ላይ አትጀምሩ። የሚስትህ አሮጌ ቀሚስ ሲያስጨንቅህ መጀመሪያ የራስህን 22 ወንበር ቁጠር። ይሄ ለልጆችም ይሠራል። ብዙ ጊዜ እኛ ወላጆች ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ አሻንጉሊቱን እንጥልና "ልብ አይለውም" እንላለን። ልብ ይላል። የ9 ዓመቱ ልጄ ጋር ያደረግነው ሌላ ነው። አንድ ካርቶን ሰጠነውና "በዚህ የሚገባውን ያህል ያንተ ነው፤ የትኛው እንደሚገባ አንተ ነህ የምትወስነው" አልነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሲያስገባና ሲያወጣ ዋለ። እኔ ውድ ብዬ የገዛሁለትን ሁሉ አውጥቶ፣ ከሬስቶራንቱ ያመጣቸውን የጠርሙስ ክዳኖች አስቀረ። ዝም አልኩ። ካርቶኑ የሱ ነው።

(እናንተ ልጆች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ወላጆቻችሁን ለማገዝ ከፈለጋችሁ ከበሩ አጠገብ ካለው ጫማ ጀምሩ። በእግራችሁ የማይገባውን ለዩ። በእኛ ቤት 11 ጥንድ ነበር።)

ስለ ማስተካከል ብዙ መጽሐፍ አለ። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ያወጣችው መጽሐፍ ዓለምን ዞሯል፤ ዕቃውን በእጅህ ይዘህ ደስታ ይሰጥህ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ ትላለች። ለልብስ ሠርቶልኛል። የታክስ ወረቀት ይዤ ብጠይቅ ግን ደስታ የሚሰጥ አንድም አላገኘሁም። እሷም ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ፣ በ2023፣ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከል እንደተወች ተናግራለች። ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ከመጽሐፉ ይልቅ ይቺን ወደደች።

ወረቀት ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የኛ ሰው ወረቀት ከአሜሪካዊው ይለያል። የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የጥገኝነት ፈቃድ ደብዳቤ፣ አይ-94፣ የድሮ ፓስፖርት (ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን)፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ለዘላለም ይቀመጣል። እነዚህን እሳትና ውኃ በማይነካው አንድ ሳጥን አድርጋችሁ ለቤተሰቡ ሁሉ ቦታውን አሳዩ። የታክስ ወረቀት በአሜሪካ ሕግ ለአብዛኛው ሰው 3 ዓመት ነው የሚፈለገው፤ ገቢን በጣም አሳንሶ ያሳወቀ ከሆነ 6፣ በአንዳንድ የኪሳራ ጉዳይ ደግሞ 7። እንደ እኔ ንግድ ያላችሁ 7 ዓመት ብታስቀምጡ አትሳሳቱም። ከዚያ ያለፈውን በወረቀት መቁረጫ ማሽን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለበት ወረቀት እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። እኔ የ2006 የመብራት ቢል አግኝቻለሁ። አሁን የሌለ አፓርታማ ነው። ሕንፃው ራሱ ፈርሷል።

መድኃኒትም እንዲሁ። ለአገር ቤት ሰው ብለን የሰበሰብነው፣ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ በየመሳቢያው ያለ መድኃኒት ልጆች ባሉበት ቤት አደጋ ነው። ብዙ ፋርማሲዎች የሚጣልበት ሳጥን አላቸው፤ በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ፣ በፈረንጁ ኤፕሪልና ኦክቶበር፣ መንግሥት የመሰብሰቢያ ቀን ያውጃል። ሁለቱም ካልተመቸ አብዛኛውን መድኃኒት ከቡና አተላ ጋር ቀላቅሎ በፌስታል አሽጎ መጣል ይመከራል። የቡና አተላ በኛ ቤት አይጠፋም።

ጋራዡ አምስት ሰኞ ፈጀ። ወንበሮቹን አዲስ ካፌ ለሚከፍት ልጅ ሰጠሁት፤ "ስንት ነው ጋሼ?" ሲለኝ ክፍያው ዛሬውኑ ማንሳቱ ነው አልኩት። የምግብ ጠረጴዛው ተገለጠ። ኮሪደሩ ተከፈተ። ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ የምትቀመጥበት ጊዜ አጠረ፤ አልቀረም ግን። እኔም ለምን እንዳልቀረ አውቃለሁ። ቤዝመንት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣ ማንም የማይነካቸው ሁለት ሻንጣዎች አሉ። ሁላችንም በነሱ ዙሪያ ነበር የምናጸዳው።

ሻንጣዎቹ የእናቴ ናቸው። ማለቴ፣ ለእናቴ የታሸጉ ናቸው። በ2020 ለፋሲካ ልሄድ ትኬት ቆርጬ ነበር። እያንዳንዳቸው ልክ 23 ኪሎ፤ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አውርጄ ነው የሞላኋቸው። መጋቢት ላይ ወረርሽኙ መጣ፣ ሬስቶራንቱ ተዘጋ፣ ጉዞው ቀረ። "የሚቀጥለው ፋሲካ" ተባባልን። በ2021 ነሐሴ ላይ ንጋት ላይ በራችን ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት የተሰበሰበ ወዳጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ለሙት ዓመቷ ስሄድ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሄድኩት። ሻንጣዎቹን ልወስዳቸው ደረጃው ሥር ወርጄ ነበር። "ለማን?" አልኩና ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ካርቶን ላያቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ሌላ ካርቶን። አሁን ሳስበው ቤቱ ውስጥ ያለው ክምር የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ዝርክርክ ነበርን፣ እንጂ መንገድ የተዘጋብን አልነበርንም። አንድ ነገር ለመንካት የፈራ ሰው ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገር መንካት ይፈራል መሰለኝ።

በስድስተኛው ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ነበር። ልጄ ወደ ቤዝመንት ስወርድ ተከተለችኝ። "ልርዳህ?" አለች። እምቢ ልላት ነበር። ከዚያ ዚፑን ራሷ ከፈተችው።

ሹራብ አራት። 37 ቁጥር ጫማ፣ ተረከዙ ለስላሳ የሆነ። የደም ግፊት መለኪያ ከነባትሪው። የንባብ መነጽር ሦስት፣ በየቦታው ስለምትረሳው። የእጅ ቅባት፣ ቫይታሚን። ወፍራም ብርድ ልብስም አለ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ላለባት ለደብረ ብርሃን ከተማ ከሜሪላንድ ብርድ ልብስ ልወስድ ነበር፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር ዓመት ሙሉ ትስቅብኝ ነበር። ይሄን ለልጄ ስነግራት ሁለታችንም ሳቅን። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ልጄ ስታለቅስ አይታኝ አታውቅም ነበር፤ እኔም እንዳላየች ሆና ሹራቦቹን ስታጣጥፍ አየኋት።

ከታች፣ ከጫማው ሥር፣ አንድ ፖስታ ወጣ። የሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት በነበረች ጊዜ፣ ያኔ 10 ዓመቷ ነው፣ ለአያቷ የጻፈችው ደብዳቤ። እሷም እኔም ረስተነዋል። ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። "እማማ እንዴት ነዎት። እኔ ደና ነኝ። እኛ ስንመጣ በጓ እንዳትታረድ። እኔ በሕይወት ልያት እፈልጋለሁ።"

"በጓ ምን ሆነች?" አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። በጓ ተስካር ላይ ታርዳለች። "ኦኬ" አለች፤ ትንሽ ቆይታ "ቢያንስ እማማ አላነበበችውም፣ አታዝንም" አለች።

ሹራቦቹንና ጫማውን ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይዞልኝ ሄደ፤ እህቴ ለእናቴ የዕድር ጓደኞች አከፋፈለቻቸው። አንዷ እናት ሹራቡን ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ላከችልኝ። ከእናቴ ትንሽ ይወፍራሉ። የደም ግፊት መለኪያውን ዘወትር እሑድ ሬስቶራንቴ ለሚመጡ አንድ አዛውንት ሰጠኋቸው፤ አሁን በየሳምንቱ ቁጥራቸውን ይነግሩኛል። ቫይታሚኑ ጊዜው አልፎበት ነበር፤ በቡና አተላው ሄደ። ብርድ ልብሱን አልሰጠሁም። ሶፋው ላይ ነው፤ ልጄ ስታጠና ትለብሰዋለች። ደብዳቤውን እሳት የማይነካው ሳጥን ውስጥ ከዜግነት ወረቀቱ ጋር አስቀመጥነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። የኛ ቤት ኮተት ዝርክርክነትና ሐዘን ነበር። ሕመም የሆነበት ሰውም አለ። ጥቅም የሌለውን ዕቃ እንኳ መጣል የማይችል፣ ስትነኩበት የሚንቀጠቀጥ፣ አልጋው ላይ የሚተኛበት ቦታ እስኪያጣ የሚከምር ሰው ካወቃችሁ "ዝርክርክ" ብላችሁ አትሳቁበት። ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ይሄን ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል፤ በንግግር ሕክምና የሚረዱት ብዙ ናቸው። እሱ በሌለበት ገብቶ ቤቱን ማጽዳት ግን ይብስበታል እንጂ አያሽለውም። እኔ በአንዲት ሰማያዊ ፌስታል ያየሁትን አይቻለሁ።

ቤታችን አሁን እንደ መጽሔት ፎቶ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ይከመራል፤ ሰኞ ሰኞ እናነሳዋለን። እንደ ሬስቶራንቱ ማቀዝቀዣ፣ ቤዝመንት የሚወርድ ካርቶን ሁሉ ቀን ይጻፍበታል። ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ይወጣል። ባለቤቴ ይሄን ሕግ ስለወደደችው በእኔ ሸሚዞች ላይም ቀን መጻፍ ጀምራለች። ልጄ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ጓደኞቿን ቤት ይዛ መጣች። ሽሮ በሉ፣ አንዷ ሁለቴ ጨመረች። ወጥ ቤት ቆሜ ድምፃቸውን ስሰማ ነበር፤ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም፣ ፍጥነታቸው አይያዝም።

በዚህ ሳምንት ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ምሳ እየቋጠርኩ፣ የባለቤቴ መኪና ደጅ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። በሩ አልተከፈተም። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ስምንት ደቂቃ። ቢላዋውን አስቀምጬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ወለሉ ባዶ ነው፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ምን ቀረ? በነጠላ ጫማ ወጥቼ የመኪናዋን መስኮት አንኳኳሁ።

መስኮቱን ዝቅ አደረገችና ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። ስልክ ላይ ነበረች። ከእህቷ ጋር።